የአንዲት «ላይክ» ዋጋ፦ ከጓንዡ እስከ ሞጆ

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ላይ ዋትሳፕ ከፍቼ ያቺን ቢጫ አውራ ጣት ላክሁ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀችብኝም። ያቺ አውራ ጣት ግን አክስቴንና ሦስት ጓደኞቿን 19 ቀን፣ የስድስት ስፌት ማሽን ዋጋ የሚሆን ብር እና አንድ ትልቅ የዩኒፎርም ሥራ አሳጣቻቸው።

እኔ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነኝ። ዓለም አቀፍ ንግድ የሚባለውን ኮርስ በ«ኤ» ነው ያለፍኩት። በዚያ ኮርስ ላይ ዕቃ ከአገር አገር የሚሻገረው በቀስት ነበር። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ይሠራል፣ በመካከላቸው አንዲት ቀስት ይስባል፣ አለቀ። ቀስቷ ውስጥ መርከብ፣ ወደብ፣ ባንክ፣ ትራንዚተር፣ ፈታሽ፣ የመጋዘን ኪራይ እንዳለ ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው፤ ያውም በአክስቴ ገንዘብ።

ዛሬ ስለዚያች ቀስት ላውጋችሁ። ስልኩ ላይ የቻይና ዕቃ ዋጋ እያየ «ይሄ እኮ መርካቶ በሦስት እጥፍ ነው የሚሸጠው!» ያላለ እኩያ ያለኝ አይመስለኝም። ዋጋው ይለያያል፣ እውነት ነው። ያ ልዩነት በሙሉ የነጋዴ ትርፍ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ግን፣ እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩትን ነው እያሰባችሁ ያላችሁት።

አራት ሴቶች፣ አንድ ኮንቴነር

አክስቴ ኮልፌ አካባቢ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ስድስት ሠራተኛ፣ አምስት ማሽን። ከአምስቱ ሁለቱ ከሚሠሩበት የሚጠገኑበት ቀን ይበልጣል። ዕቁብ አብረዋት የሚጥሉ ሦስት ጓደኞች አሏት፤ እነሱም ያው በስፌት ነው የሚተዳደሩት። አንድ እሑድ ቡና ላይ ሒሳብ ተሠራ። አራቱም ማሽን ያስፈልጋቸዋል። እዚህ አንድ በአንድ ከመግዛት ለምን ተባብረው አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር አያስመጡም? 60 የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን፣ ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ። የሚፈልጉትን ይወስዳሉ፣ የቀረውን ይሸጣሉ። አንደኛዋ የአስመጪነት ንግድ ፈቃድ አላት። የዕቁቡ ብር አለ፣ የጎደለውን በብድር ይሞላሉ።

«አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሽ የለ? እንግሊዝኛውንም ትሞክሪያለሽ። ከቻይናው ጋር አንቺ ተነጋገሪልን» አለችኝ አክስቴ። በቃ፣ እንዲህ ነው የአስመጪ ጸሐፊ የሆንኩት።

ጊዜው መጥፎ አልነበረም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ብሩ ክፉኛ ቢወርድም፣ ድሮ ወራት ያስጠብቅ የነበረው የዶላር ወረፋ ለእኛ ቀሎልን ነበር። የአከፋፈሉ መንገድ «ካድ» የሚባለው ነው። ሻጩ ዕቃውን ይጭናል፤ ሰነዶቹን በባንኩ በኩል ወደ እኛ ባንክ ይልካል፤ እኛ ስንከፍል ባንኩ ሰነዶቹን ያስረክበናል።

ዕቅዱ ማሽኖቹ ሐምሌ ሳይገባ ሞጆ እንዲደርሱ ነው። ለምን መሰላችሁ? ትምህርት ቤት መስከረም ይከፈታል፤ ዩኒፎርም የሚሰፋው ክረምቱን ነው። አክስቴ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ጋር 900 ዩኒፎርም ለመስፋት በቃል ተስማምታለች። የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እስከ ሐምሌ 15 ማሽኖቹን አሳዪን፣ ውሉን እንፈርማለን።»

ስጦታው

ዕቃው ሊጫን ሁለት ቀን ሲቀረው ሻጩ ከጓንዡ ጻፈልኝ። ለመጀመሪያ ትዕዛዛችሁ ስጦታ አዘጋጅተናል፣ 24 የእንፋሎት ካውያ፣ ኮንቴነሩ ውስጥ ቦታ አለ፣ እንጨምርላችሁ ወይ ይላል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እኔ አውራ ጣት ላክሁ። ወዲያው ለአክስቴ ደውዬ አበሰርኳት። «ተባረኪ የኔ ልጅ» አለችኝ። ያን ቀን ራሴን እንደ ትልቅ ተደራዳሪ ቆጥሬው ነበር።

ካውያዎቹ ኮንቴነሩ ውስጥ ገቡ። ወረቀቱ ውስጥ ግን አልገቡም። ኢንቮይሱ 60 ማሽን ይላል። ፓኪንግ ሊስቱም 60 ማሽን ይላል። ቢል ኦፍ ሎዲንጉም እንደዚያው። ሻጩ «ስጦታ ዋጋ ስለሌለው መጻፍ አያስፈልግም» ብሎ አስቦ ነው። እኔ ደግሞ ጭራሽ አላሰብኩም።

የተዘጋ ሣጥንና የሚናገር ወረቀት

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 የብረት ሣጥኖች ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ከዚያ በፊት ወደብ ላይ ጆንያው፣ በርሜሉ፣ ካርቶኑ ሁሉ በሰው ትከሻ አንድ በአንድ ነበር የሚወርደው። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ እንደታሸገ ከመርከብ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ባቡር መሸጋገር ጀመረ። የጭነት ዋጋ ረከሰ፤ የዛሬው የቻይና ዕቃ በየቤታችን የገባው በዚህ ሣጥን ነው።

ሣጥኑ ከታሸገ ግን ውስጡን የሚያይ የለም። ስለ ውስጡ የሚናገረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ባንኩ የሚከፍለው ወረቀት አይቶ ነው። መድን ሰጪው የሚዋዋለው ወረቀት አይቶ ነው። ጉምሩክም ሥራውን የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። ዕቃው ዲዳ ነው ማለት ነው።

ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች በአጭሩ ልንገራችሁ። ኮሜርሺያል ኢንቮይስ ማን ለማን ምን በስንት እንደሸጠ ይናገራል። ፓኪንግ ሊስት ስንት ካርቶን፣ በየካርቶኑ ምን፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ይዘረዝራል። የሥሪት አገር ማስረጃ ዕቃው የት እንደተመረተ ያሳያል። የባንክ ፈቃድ የውጭ ምንዛሬው በሕጋዊ መንገድ እንደተፈቀደ ያረጋግጣል። የመድን ሰነድም አለ።

የሁሉም አለቃ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ነው። ይህች ወረቀት ሦስት ሥራ አላት። ዕቃው ለመጫኑ ደረሰኝ ናት፤ የማጓጓዣ ውሉ ማስረጃ ናት፤ የዕቃው የባለቤትነት ሰነድም ናት። በካድ የገዛ ሰው ባንኩ ኦሪጂናሏን ካልሰጠው ኮንቴነሩ አጠገብ ቆሞ ቢያለቅስ አያገኘውም።

የእኛ ቢል ኦፍ ሎዲንግ መድረሻው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነበር። መልቲሞዳል የሚሉት ይህን ነው። አንድ አጓጓዥ ከቻይና ወደብ ተቀብሎ፣ ጅቡቲ ላይ አውርዶ፣ በመኪና ወይም በባቡር እስከ ሞጆ ድረስ በአንድ ሰነድ ኃላፊነት ይወስዳል። ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ብቻውን የያዘው የመንግሥቱ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም ፈቃድ ተሰጥቷል። ሌላው መንገድ ዩኒሞዳል ይባላል፤ እዚያ ላይ የጅቡቲውን ጣጣ አስመጪው ራሱ ወኪል ይዞ ይወጣዋል።

«10 በመቶ» ስንት ነው?

ወደ ሞጆ ከመሄዳችን በፊት ሁላችሁም የምትጠይቁትን ነገር እንጨርስ። ቀረጥ ስንት ነው?

መልሱ የሚጀምረው ከታሪፍ ቁጥሩ ነው፤ ኤችኤስ ኮድ የሚሉት። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያዘጋጀው አመዳደብ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በሚጠቀሙበት አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። የስፌት ማሽን 84.52 ላይ ነው። የቤት ውስጥ ማሽን ከሆነ አንድ ቁጥር፣ የኢንዱስትሪ ከሆነ ሌላ ቁጥር፣ መርፌው ብቻውን ከመጣ ሌላ ቁጥር። የኤሌክትሪክ ካውያ ደግሞ ምዕራፉም ይለያል፤ 85 ውስጥ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ ትመለሳለች።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። የዕቃው ዋጋ፣ መድኑና የማጓጓዣው ተደምሮ (ሲአይኤፍ የሚባለው) 1,000,000 ብር ሆነ እንበል። ታሪፉ ላይ ቀረጡ 10 በመቶ ይላል፣ ኤክሳይስ ታክስ የለበትም።

ቀረጥ፦ 100,000 ብር።

ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፦ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረበት ከ1,100,000 ብር ላይ ነው፤ 165,000 ብር።

ሱር ታክስ 10 በመቶ፦ እስካሁን የተደመረው ሁሉ መነሻው ነው፣ ማለትም 1,265,000 ብር፤ 126,500 ብር።

የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 3 በመቶ፦ 30,000 ብር።

ቅድመ ግብር 3 በመቶ፦ 30,000 ብር።

ድምር 451,500 ብር። «10 በመቶ» ብላችሁ የገባችሁበት ነገር ከ45 በመቶ በላይ ሆኖ ወጣ። እርግጥ ሁሉም ዕቃ እንዲህ አይደለም። ከሱር ታክስና ከሌሎቹም ነፃ የሚሆኑ ዕቃዎች አሉ፤ የካፒታል ዕቃ ሲሆን ሒሳቡ በጣም ይቀላል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ የከፈለውን ሲሸጥ ያቻችለዋል፤ ቅድመ ግብሩም ከዓመታዊ ግብሩ ይታሰብለታል። ያ ግን በኋላ ነው። ዕቃው ከደረቅ ወደቡ የሚወጣበት ቀን ላይ ግን ሙሉው ብር እጃችሁ ላይ መኖር አለበት። ብዙ ጀማሪ አስመጪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ የዕቃውን ዋጋ ይዞ የመውጫውን ሳይዝ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ማጓጓዣው የቀረጡ መነሻ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የመርከብ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ቀረጡም አብሮ ይጨምራል። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ፣ ብዙዎቹ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ የአካባቢው የጦርነት ስጋት መድንም ናረ። ጅቡቲ ደግሞ ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ነው ያለው። የመን ዳርቻ የተተኮሰ ሚሳይል ኮልፌ የሚሰፋ ሱሪ ዋጋ ውስጥ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ቀይ

ኮንቴነራችን ሰኔ 28 ቀን ሞጆ ደረሰ። ደስ አለን። ትራንዚተራችን፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው፣ ሥራውን የጀመሩት በወጣትነታቸው አሰብ ላይ ነው። አሰብ የኢትዮጵያ ዕቃ መግቢያ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው፤ 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሣ ድረስ። የማያውቁት ወረቀት የለም።

ዲክላራሲዮኑን በሲስተሙ ሞሉ፣ ሰነዶቹን ጫኑ፣ ቀረጥና ታክሱ ተከፈለ። ከዚያ ሲስተሙ መስመር ይመድባል። አረንጓዴ ከሆነ ዕቃው ይለቀቃል። ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል። ቀይ ከሆነ ዕቃው ራሱ ተከፍቶ ይፈተሻል። ይህ የሚወሰነው በስጋት መመዘኛ ነው። አዲስ አስመጪ፣ የመጀመሪያ ዕቃ፣ ታሪክ የሌለው ስም ስለሆንን ጋሼ ቀይ እንደሚወጣብን ቀድመው ገምተው ነበር።

«ቀይ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ወረቀቱና ዕቃው አንድ ከሆነ በቀናት ትወጣላችሁ። አንድ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። እመኑኝ፣ ካውያዎቹ ትዝ አላሉኝም። በሁለት ሰከንድ የተደረገ ነገር በሁለት ወር ይረሳል።

ኮንቴነሩ ተከፈተ። ማሽኖቹ ተቆጠሩ፣ 60። ከኋላ ሁለት ካርቶን ቀረ። ፈታሹ ወረቀቱን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ እኛን አየ።

ጋሼ ዞረው አዩኝና «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ዋትሳፑን አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። ከዚያ ያሉኝን አልረሳውም። «ይሄን ዕቃው ሳይደርስ ብትነግሪኝ ኖሮ በአንድ ወረቀት አስተካክለው ነበር። አሁን እኛ የተናገርነው ነገር ሳይሆን እነሱ ያገኙት ነገር ሆነ።»

ልዩነቱ ይሄው ነው። ራስህ ብታሳውቅ ማስተካከያ ነው፤ ሲገኝብህ ጥፋት ነው። ካውያዎቹ ጭራሽ ሊወረሱ ይችሉ እንደነበርም ነገሩኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቃል መስጠት። ከሻጩ ማብራሪያና የተስተካከለ ኢንቮይስ ማስላክ። «ስጦታ ነው» ቢባልም የካውያውን ዋጋ ማስገመት፤ ምክንያቱም ለጉምሩክ ነፃ ዕቃ የሚባል ነገር የለም፣ ዋጋው ይገመትና ቀረጡ ይሰላል። ሌላ ታሪፍ ቁጥር ማስያዝ፤ ያቺ 85 እዚህ ጋ ተመለሰች። የቅጣት ውሳኔ መጠበቅ። መክፈል። እንደገና ወረፋ። በመካከሉ ቅዳሜና እሑድ አለ። በመካከሉ ሲስተም የማይሠራበት ቀን አለ።

እውነቱን ለመናገር ማንም አልጮኸብኝም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቀኝም። ሥራቸውን ነው የሠሩት። ለብስጭቴ የሚሆን ሌላ ጥፋተኛ ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ።

ሦስት ቆጣሪዎች

በነዚያ 19 ቀናት ውስጥ ሦስት ቆጣሪዎች በአንድ ላይ ይዞሩ ነበር።

የመጀመሪያው የደረቅ ወደቡ ኪራይ ነው። የተወሰኑ ነፃ ቀናት አሉ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይቆጥራል፣ በቆየ ቁጥርም የቀኑ ዋጋ ራሱ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው የኮንቴነሩ ነው። ሣጥኑ የእኛ አይደለም፤ ባዶውን በጊዜው ካልመለስን ለማቆያው እንከፍላለን። ሦስተኛው የባንኩ ወለድ ነው፤ እሱ ቅዳሜና እሑድ አያውቅም።

ቅጣቱ ራሱ ከሁሉም ትንሹ ነበር። ተደምሮ ሲታይ ከኪሳቸው የወጣው ስድስት ማሽን ሊገዛ የሚችል ብር ነው። የ24 ካውያ ዋጋ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አይወራም።

ቆጣሪ የሌለው ወጪ ደግሞ ነበር። ሐምሌ 15 መጣና ሄደ። ትምህርት ቤቱ ሁለት ቀን ታገሠ፤ ከዚያ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ማሽኖቹ የወጡት ሐምሌ 24 ነው። አክስቴ በስልክ የትምህርት ቤቱን መልስ ስትሰማ አጠገቧ ነበርኩ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች። እኔን አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት እያለሁ አንብቤ ያለፍኩት አንድ ጥናት አለ። ዴቪድ ሃምልስ እና ጊዮርግ ሻውር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ነው። የአሜሪካን ነጋዴዎች በአውሮፕላንና በመርከብ መካከል የሚያደርጉትን ምርጫ መርምረው፣ ዕቃ መንገድ ላይ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ቀን ከ0.6 እስከ 2.1 በመቶ ቀረጥ እንደ መክፈል ይቆጠራል ይላሉ። ለፈተና አጥንቼው ነበር። ሞጆ ከኮንቴነሩ አጠገብ ቆሜ ዝቅተኛውን ቁጥር ይዤ በ19 አባዛሁት፤ ከ11 በመቶ በላይ። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፣ በቀጥታ አይገለበጥም። ስሜቱ ግን ያው ነው። መዘግየት ማንም ያላወጀው ቀረጥ ነው።

ይህ የእኔ ጥፋት ታሪክ ነው፤ ግን የአገሩም ታሪክ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን በአንድ በር፣ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር የመንገዱን ቀናት ለማሳጠር ነበር። ነገር ግን ባቡሩ ያተረፈውን ሁለት ቀን አንድ የጎደለ መስመር በአሥር እጥፍ ይበላዋል። ያን ወጪ የምትከፍሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ መርካቶ ሄዳችሁ ዋጋ ስትጠይቁ።

ለማስመጣት ለምታስቡ

ጋሼ እኔን ለማጽናናት ይሁን ለመቅጣት አላውቅም፣ አንድ ከሰዓት ቁጭ አድርገው ያስጻፉኝ ነገር አለ። እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነው።

አንደኛ፣ ከዋጋው በፊት ታሪፍ ቁጥሩን ጠይቁ። ሻጩ የሚሰጣችሁን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ የኢትዮጵያ ታሪፍ መጽሐፍ ላይ ራሳችሁ ፈልጉት። ግራ ካጋባችሁ የጉምሩክ ሕጉ ስለ ታሪፍ አመዳደብ አስቀድሞ ውሳኔ መጠየቅን ይፈቅዳል። ሰው ግን አይጠቀምበትም።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ከሆነ ፈቃዱ ከመጫኑ በፊት ይለቅ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ኮስሞቲክስ፣ የመገናኛ መሣሪያ የየራሳቸው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አላቸው። አሁን ብዙው በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ያልቃል፤ መጠየቅ ያለበት ግን መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ነው።

ሦስተኛ፣ የሁሉንም ሰነድ ረቂቅ ከመጫኑ በፊት አስልኩ፤ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ በጣት እየጠቆማችሁ አንብቡ። የድርጅቱ ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ነው? የካርቶኑ ቁጥር ይገጥማል? ክብደቱስ?

አራተኛ፣ ሲጫን ፎቶና ቪዲዮ ይላክላችሁ፤ የማሸጊያው ሲል ቁጥር እንዲታይ አድርጉ። ለዚህ ነው ስልክ የሚጠቅመው።

አምስተኛ፣ የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ኮንቴነር በሚመጣበት ግሩፔጅ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የጎረቤታችሁ ስህተት የእናንተን ዕቃ ሊያስቆም እንደሚችል እወቁ። አብሯችሁ የሚጭነው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ የመውጫውን ብር ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በላዩ ላይ ለመዘግየት የሚሆን ጨምሩ። ካልዘገየ ትርፋችሁ ነው።

ሰባተኛው ጋሼ በትልቁ ያስጻፉኝ ነው። ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ኮንቴነር ውስጥ አይግባ። ስጦታም ቢሆን።

ካውያው

በመጨረሻ እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ ማሽኖቹ ተሸጡ። ዩኒፎርሙ ቢያመልጥም አራቱ ሴቶች አልከሰሩም፤ አተረፉም ለማለት ግን አፌ አይሞላም። አክስቴ አሁን 15 ደህና ማሽን አላት፤ ዘንድሮ ለክረምቱ ሥራ ከወዲሁ ሁለት ትምህርት ቤት እያነጋገረች ነው። ከካውያዎቹ አንዱ ስፌት ቤቱ ውስጥ ይሠራል። ሠራተኞቹ «ወርቁ» ብለው ስም አውጥተውለታል። አዲስ ሠራተኛ ስትገባ «ወርቁን አቀብይኝ» ሲሏት ግራ ይገባታል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሻጩ ጻፈልኝ። አክስቴና ጓደኞቿ የቁልፍ መትከያና የኦቨርሎክ ማሽን ሊያዙ ነው። ለቋሚ ደንበኛ ስጦታ አለን፣ መቀስ ነው፣ 50 ፍሬ፣ እንጨምር ወይ ይላል። ለአክስቴ አነበብኩላት። ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ።

«መጀመሪያ ፓኪንግ ሊስቱን ይላክ በዪው።»

እንደዚያው ጻፍኩለት። አውራ ጣት መለሰልኝ።